የሊዲያ ጓደኛ

«ደግሜ ላሳይሽ» አለ የፊልሙን ድምፅ የሚያስቀዳው ሲኞር ብሩኔሊ፤ መልስ ሳይጠብቅም መብራቱን አጠፋው። ኑንዚያ ሸራው ላይ እንደገና ብቅ አለች፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ በሩን ከፍታ፣ ወርቃማ ፀጉር ያላትን ሊዲያን እጇን ስትይዛት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም።

ድምፅ የሚገባው ኋላ ነው፤ ሮም ውስጥ ፊልም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ለዚያች ቆንጆ ሊዲያ እንኳ ድምፅ የምትሰጠው ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራው ወፍራሟ ሲኞራ ኦልጋ ናት። ኑንዚያ ግን የራሷን ድምፅ ልታስገባ፣ ሳይነጋ ከናፖሊ ከእናቷ ጋር በባቡር ተሳፍራ መጣች። አሁን እግሯ ዝሏል። የሰጧት ወረቀት ደግሞ ሌላ ነገር ይላል።

«ሲኞር፣ እኔ እኮ ያልኩት ይሄን አይደለም። ‹ነይ ሊዲያ፣ አብረን እንጨፍር› ነው ያልኩት። ጓደኛዋ ነኝ።»

«ነበርሽ» አለ ብሩኔሊ ዓይኑን እያሸ። «አለቆቹ አዩትና ሕዝቡ አያምነንም አሉ። የሀብታም ልጅ ካንቺ ጋር... መልክሽን ታውቂዋለሽ። አሁን ገረዷ ሆነሻል። ‹እመቤቴ፣ ጌታው ይጠብቁዎታል› በይ፤ ከከንፈርሽ ጋር ይሄዳል።»

መልኳንማ ታውቀዋለች። አባቷ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ናፖሊ ገብቶ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነው፤ ትቶላት የሄደው ቆዳውን ብቻ ነው። እሷ ብትረሳው እንኳ ሰፈሩ አያስረሳትም። ለዚያው ሰፈር ነበር «የሊዲያ ጓደኛ ሆኜ ነው የሠራሁት» ብላ ያወራችው። ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ስድቡ ቀርቶ «የኛ ተዋናይ» ይሏት ጀምረዋል።

«በይውና እንሂድ፣ ልጄ» አለች እናቷ ፊሎሜና፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች። «ባቡሩ ያመልጠናል። ደክሞኛል እኔ።»

«አንቺ ካላልሽው እኔ ነኝ የምለው» አለች ሲኞራ ኦልጋ። «አትቀየሚኝ፣ የኔ ቆንጆ፤ ሥራዬ ነው።»

ኑንዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ፊልሙ ተጀመረ። በሩ ተከፈተ፣ እጅ ተያዘ።

«ነይ ሊዲያ፣ አብረን እንጨፍር!»

ቃሉ ከከንፈሯ ጋር ግጥም አለ። የሲኞራ ኦልጋ እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ። ብሩኔሊ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ልጅቷን ላለማየት ሸራውን አየ።

«ሲኞራ ኦልጋ፣ ይምጡ» አለ።

ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ ፊሎሜና መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ለሰፈሩስ ምን ልንል ነው? ገረድ ሆነሽ ሲሰሙሽ ይስቁብሻል እኮ። ሲኒማ ቤቱን ግጥም አድርገው ነው የሚሞሉት።»

ኑንዚያ የእናቷን ቦርሳ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው። ከንክኗታል፤ ዕንባዋም ቀርቧል። ግን ከሰፈሩ ሰው ጋር ገብታ ልታይ ቆርጣለች።

«እኔ ብቅ ስል ጆሯችሁን ድፈኑ እላቸዋለሁ» አለች። «ጆሯችሁን ደፍናችሁ ከንፈሬን እዩ።»