እጥፍ ሳሙና

የቴካሽ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ሥር ስለሚወጣ ሳሙና ቢያሹበት አረፋ አይሰጥም። ልብስ አጣቢዋ ላንዲ ግን የዊልበርትን ፎጣዎች ስታጥብ ለሳሙና አትሳሳም ነበር። ከሌላው ሰው ልብስ ላይ የቆጠበችውን ሁሉ እዚያ ላይ ታፈስሰዋለች። ፍቅር መቼም ልክ አያውቅም።

ዊልበርት ፀጉር አስተካካይ ነው። አባቷ ዶን ፊደንሲዮ «የሰው አገጭ ሲያሻሽ ለሚውል ልጄን አልሰጥም!» ካሉ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት በፎጣ ጥቅል ሰበብ ብቻ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሱ ከደጅ ቆሞ የቆሸሸውን ያቀብላታል፤ እሷ የታጠበውን ትሰጠዋለች። ጣቶቻቸው ይነካካሉ። ላንዲ ሳምንቱን የምትገፋው ለዚያች ቅጽበት ብላ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከጥቅሉ የቀረች አንዲት ፎጣ ይዛ በፀጉር ቤቱ ጓሮ ገባች። ትናንት አድርቃ፣ አጣጥፋ የሰጠችው ፎጣ በሙሉ እንደገና ታጥቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ጓሮው አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ልቧ ስንጥቅ አለ።

«ማን ናት?» አለች።

ዊልበርት እጅጌውን እንደሰበሰበ ከሳፋው ቀና አለ። «ማ?»

«ሌላ አጣቢ ይዘሃል! የኔ እጅ ካስጠላህ ፊት ለፊት አትነግረኝም?»

«እኔው ነኝ የማጥባቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ላንዲዬ፣ ፎጣሽ እንጨት ነው። የደንበኛ ፊት ይቧጭራል። በዚህ ውሃ ሳሙና ሲበዛ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀነስ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በደንብ አራግፎ ማስጣት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ታፍሪና ጥቅሉን ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ማክሰኞ ይቀርብኛል ብዬ።»

«እኔ እኮ እጥፍ ሳሙና የጨመርኩት ላንተ ብዬ ነው!»

ሁለቱንም ሳቅ ቃጣቸው። ወዲያው ግን የላንዲ ፊት ጠቆረ።

«‹ሳሙና ቀንሺ› ለማለት ይህን ያህል የፈራህ ሰው፣ አባቴን ‹ልጅዎን ይስጡኝ› ልትል ነው? ዕድሜ ልካችንን ፎጣ ስንቀባበል ልንኖር ነው እንዴ?»

ዊልበርት ተመልሶ ሳፋው ላይ አጎነበሰ። ይህ ከየትኛውም ፎጣ ይልቅ ቆረቆራት።

«ከእንግዲህ ፎጣህን አላጥብም» ብላው ወጣች።

ማክሰኞ መጣ፤ ጥቅሉ አልመጣም። በአቼቶ ያለቀለቀችው የአባቷ ፎጣ እንደ ጥጥ ለሰለሰ። ላንዲ ፊቷን ቀበረችበትና አለቀሰች። ምነው አፌን በቆረጠው አለች፤ ተመልሳ ግን አልሄደችም።

እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ዶን ፊደንሲዮ ሲከፍቱ ዊልበርት ላብ አጥምቆት ቆሟል።

«ምነው፣ ዛሬ ፎጣ የለም?» አሉት አሽሟጠው።

ዊልበርት ባዶ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፋው።

«የለም፣ ዶን ፊደንሲዮ። ዛሬ የመጣሁት ለላንዲ ነው።»

ሽማግሌው ያልተላጨ አገጫቸውን እያሻሹ ትኩር ብለው አዩት። ጓዳ ውስጥ ላንዲ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«ላንዲ!» ሲሉ ተጣሩ በመጨረሻ። «ለዚህ አገጭ አሻሽ ወንበር አምጪለት።»