የጣፈጠው ክኒን

ሟቿ የተገኘችው ስፌት ማሽኗ ላይ ግንባሯን ደፍታ ነው። የፋብሪካው ደወል ድንገት ሲጮኽ ክው አለች፤ ከዚያ ወዲያ ቀና አላለችም። ደም የለ፣ ቁስል የለ። ያን ዕለት ባሏ ታሰረ፤ በየጠዋቱ ክኒን በእጁ የሚሰጣት እሱ ነበርና።

መርማሪዋ አስቀድማ ያነጋገረችው እሱኑ ነው። የባልየው ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«የልቧ ምት እንዳይዛባ ሐኪም ያዘዘላት ነው። ሰሞኑን ግን ‹መድኃኒቴ ከረሜላ ሆነ› እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ጅሉ አብሬያት ሳቅሁ!»

መርማሪዋ የክኒኑን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተች። ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ለምርመራ ላከችውና ወደ ሟቿ እናት ቤት አመራች።

«ስለ በሽታዋ የማውቀው የለኝም» አሉ እናትየዋ። «ደግሞ የልቧ ጡንቻ ደህና ነው ተብሎ! ምን አገኛት ልበል?»

«ለኔም ታምሜያለሁ ብላኝ አታውቅም» አለች የሟቿ ታናሽ እህት እየተንሰቀሰቀች።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበች፤ ባልየውንና ሐኪሙንም ይዛ መጣች።

«መርዝ የለም» አለች። «ብልቃጡ ውስጥ የተገኘው ቫይታሚን ነው። ማን ቀየረው? ባልየው ቢሆን የከረሜላውን ነገር ራሱ ባልነገረኝ። እህቷ መታመሟንም አታውቅም። እርስዎ ግን እማማ፣ አላውቅም እያሉ የልቧን ጡንቻ አነሱብኝ። ይህን ሐኪሙ የነገረው ለሟቿና አብራት ለገባች አንዲት ሴት ብቻ ነው።»

«እሳቸው ናቸው» አለ ሐኪሙ። «ጡንቻው ጠንካራ ነው ብያለሁ። ጡንቻውን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ምልክት ግን ከዘር የታወከ ነው፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቶሎ አይታደስም። ያለ መድኃኒት አንድ ድንጋጤ ይበቃዋል፤ ይህንንም ነግሬያችኋለሁ።»

እናትየዋ ደረታቸውን ደቁ። «ጠንካራ ነው ሲሉኝ ሌላውን መች ሰማሁት! ክኒኑ አደከማት፤ እንዳትወልድ የከለከላትም ክኒኑ መሰለኝ። ብነግራት እንቢ ትለኛለች ብዬ በስውር ቀየርሁት... ልጄን በገዛ እጄ!»

መርማሪዋ ባልየውን «ነፃ ነህ» አለችው።

«እማዬ» አለች ታናሺቱ ቀስ ብላ፤ «እኔም እኮ ስደነግጥ ዓይኔ ይጨልማል። አንዴማ ወድቄያለሁ።»

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። «እህቷንም ያምጧት ብዬ ነበር!» ብሎ ብድግ አለ። «ነይ የኔ እህት፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

እናትየዋ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱ የእናቷን እጅ አየችው፤ አልያዘችውም። የእህቷን ባል ክንድ ተደግፋ ወጣች።