የአዴ ሳዶ ኪኒን

ያን ሰሞን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ድራሹ ጠፍቶ ሰው ሻዩን በጨው ይጠጣ ነበር። «ስኳሩማ አዴ ሳዶ ደም ውስጥ ተደብቋል» እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዳሉ። ድሬዳዋዎች መቼም ከቀልድ አይጦሙም።

የባቡር ሠራተኛውን ሙመድን ግን ቀልዱ አያስቀውም። አዴ ሳዶ እናቱ ናቸው፤ የስኳር ሕመም ይዟቸው የእግራቸው ቁስል አልሽር ብሏል። ሜትፎርሚን የሚባለውን ነጭ ኪኒን ሊገዛላቸው ከዚራ ሰፈር ወዳለው መድኃኒት ቤት ይመላለሳል። እዚያ የምትሸጠው ፋርቱን ናት። መጀመሪያ ኪኒኑን ይዞ ቶሎ ይወጣ ነበር፤ ኋላ ላይ በሩን ማግኘት አቃተው። እሷም የባቡሩን ፊሽካ በሰማች ቁጥር ሻሿን ማስተካከል ጀመረች።

«ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ላይ ሳታነሳ።

«እናቴ ትዳን እንጂ! እሷ ታማ ምን ሠርግ አለ? ይሄን ኪኒን ትጨርስና...»

ፋርቱን ከፋት። ከመከፋቷ በላይ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ሰው ይህን ሁሉ ኪኒን እየዋጠ ስኳሩ እንዴት አይወርድም? ሐኪሙ ደግሞ ካልወረደ እግራቸው ሊቆረጥ እንደሚችል ተናግሯል። ልጅቷ ነገር ካልገባት እንቅልፍ በዓይኗ የማይዞር ዓይነት ናት። ሙመድ ወደ ጅቡቲ በሄደ ማግስት ጋሪ ተሳፍራ ሳቢያን ሰፈር፣ እናቱ ቤት ወረደች።

አዴ ሳዶ በርጫ ላይ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ፋዱማና ዳሃቦ ጫታቸውን ይዘው ትራስ ተደግፈዋል። ሙመድ ኪኒኑን የሚገዛው ከእሷ መሆኑን ስትነግራቸው እንግዳዋን አጠገባቸው አስቀመጧትና ከትራሱ ሥር የኪኒኑን ብልቃጥ አወጡ። አንድ ጎረሱ። ብልቃጡን ለፋዱማ አቀበሉ፤ ፋዱማም አንድ ወስዳ ለዳሃቦ አሳለፈች።

ፋርቱን ክው አለች።

«ምነው አፈጠጥሽ?» አሉ አዴ ሳዶ። «ፋዱማን ወገቧን ያማታል፣ ዳሃቦን ራሷን። እነሱ እያዩኝ ብቻዬን ልዋጥ? ነውር አይደል?»

«ሲያልቅብዎትስ?»

«ሙመድ እስኪገዛ እታገሳለኋ!»

አሁን ገባት። ግን ምን ትበል? በእንግዶቻቸው ፊት ብታርማቸው ገና ያልገባችበትን ቤት በር በገዛ እጇ መዝጋቷ ነው። ዝም ብትል የሴትዮዋ እግር ይሄዳል። እጇን ዘረጋች።

«ለእኔስ አዴ?»

«ምንሽን ታመሽ?»

«ምንም። እንዲያው ብቻዬን እንዳልቀር ነው።»

«አቦ ተይ! መድኃኒት ላላመመው ሰው አይሰጥም፤ ነገ ልጅ የምትወልጂ...» አሉና ቃላቸው መንገድ ላይ ቀረ። ዳሃቦን አዩ፤ ፋዱማን አዩ።

«ይሄ የስኳር ብቻ ነው» አለች ፋርቱን በቀስታ። «ወገብም ራስም አያውቅም። እርስዎ ግን እግርዎን እያካፈሉ ነው፣ አዴ።»

ፋዱማ ከጫቱ ጋር ጉንጯ ውስጥ የያዘችውን ኪኒን መዳፏ ላይ ተፋችው። ከዚያ አዴ ሳዶ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ለቤቴ ታስፈልገኛለች!»

ሙመድ ከጅቡቲ ሲመለስ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ መጣ። ፋርቱን የሆነውን ሁሉ ነገረችውና «እናትህ ግን አይድኑም» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሞታሉ አላልኩም። ቁስላቸው ይሽራል፣ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ሕመሙ ግን ዕድሜ ልክ አብሯቸው ይኖራል። እስኪድኑ ከጠበቅክ እኔም እዚሁ ባንኮኒ ላይ አረጅልሃለሁ።»

ሙመድ ባንኮኒውን ተደገፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲጠብቅ እንደኖረ ገና አሁን የገባው ይመስል ነበር።

«ነገውኑ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ዘገየህ ዋሪያ! እናትህ አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ልከዋል። አባቴም እሺ ብሏል።»

ባቡር እንዳመለጠው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ፋርቱን እየሳቀች በባንኮኒው ላይ እጁን ያዘችው።