ከስድስት በታች

«ለቅጂያችን ከአስር ዘጠኝ ስጪን፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አለ ኦትሶ፣ የአተር ሾርባው ላይ ሰናፍጭ እየጨመቀ።

«ገና ሰምቼ አልጨረስኩትም» አለች ሳይሚ። ውሸቷን ነው። ከትናንት ጀምሮ ደጋግማ ሰምታዋለች፤ ጭንቀቷም የመጣው ከዚያ ነው።

«አስር አላልኩም እኮ። አስር ከሆነ ሰው ይነቃል። ዘጠኝ ግን ያምራል። ጓደኛዬ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ታካብጃለሽ?» አለና የእሷን ዳቦ አንስቶ ገመጠ።

ኦትሶና ሳይሚ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። በዚያ ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ለሥራ ልምምድ በኩኦፒዮ ከተማ ተበትኗል፤ የትምህርት ቤቱ ምሳ ግን ነጻ ስለሆነ ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ከች ይላል። ኦትሶ ጎሚስታ ቤት የክረምት ጎማ ሲቀይር ይውላል። ሳይሚ የተመደበችው አጎቷ ሄይሞ የሚያዘጋጀው «ዝገት» የተባለ የሄቪ ሜታል ሙዚቃ መጽሔት ቢሮ ነው። ይህን ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ ቀናባት። ኦትሶ ግን በቅናት ጊዜ አላጠፋም፤ የራሱን ባንድ፣ የ«ጥቁር ውርጭ»ን የመጀመሪያ የዘፈን ቅጂ ወዲያው ለመጽሔቱ ላከ።

«ዝገት» ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰኞ ዕለት ሄይሞ አንድ ካርቶን አሮጌ እትም ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፎ «ታሪካችንን አንድ ገጽ አድርጊልን» አላት። ሳይሚ ከዚያ በኋላ ቀና ማለት አቃታት። አጎቷ መጽሔቱን የጀመረው በአስራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያውም እናቱ በምትሠራበት የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ቄሱ ነገሩን ያወቁት የእሁዱ መዝሙር ወረቀት ገርጥቶ ሲወጣ ነው። ጥቁሩን ቀለም የመጽሔቱ ሥዕሎች፣ የሄይሞ ቀንዳም ሰይጣኖች፣ ጨርሰውት ኖሯል። ቄሱም ጠርተውት «ልጄ፣ ሰይጣኖችህን ትንሽ አቅጥናቸው» ብለው አሰናበቱት።

ከዚያ የባንዶች ካሴት የያዘ ደብዳቤ ከብራዚልም ከጃፓንም ይጎርፍ ጀመር። ማሳረጊያቸው ሁሉ አንድ ነው፦ «ቴምብሬን መልስልኝ»። ላኪው ቴምብሩ ላይ ሳሙና ይቀባል፤ ተቀባዩ የፖስታ ቤቱን ማኅተም በውሃ አጥቦ ይመልስለታል፤ ያው ቴምብር ደግሞ ሌላ ካሴት ይዞ ይመጣል። ሳይሚ ይህን ስታነብ ብቻዋን ሳቀች። እንደዚያ ሳምንት ሥራ ደስ ብሏት አያውቅም።

ረቡዕ ሄይሞ ጽሑፏን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ልጅ፣ ትጽፊያለሽ» አላትና የ«ጥቁር ውርጭ»ን ቅጂ ሰጣት። «የዚህን ሂስ ጻፊ። በስምሽ ይወጣል።»

«አጎቴ፣ ዘፋኙ እኮ ኦትሶ ነው። የኛው ኦትሶ።»

«እሱማ አውቃለሁ። የማላውቀው ባንድ እስኪመጣ ብጠብቅ መጽሔቱ ባዶውን ይወጣ ነበር። ቁጥሩን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ።»

እንግዲህ ሐሙስ ከምሳ ስትመለስ ማዳመጫውን እንደገና ጆሮዋ ላይ ደፋች። ጊታሩ ግሩም ነው። ድምፁ ግን የኦትሶ አይደለም፤ ከሌሎች ባንዶች የተዋሰው ጉርምርምታ ነው፣ የአባቱን ኮት እንደለበሰ ልጅ። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ግን መቅጃውን የሚያጠፋው ሰው ዘግይቶ፣ ኦትሶ ድራመሩን «ቀስ በል አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ሲጮህበት ይሰማል። ሳይሚ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ክንዷን ይነዝራታል። ቅጂው ውስጥ ካለው ድምፅ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ልክ እንደተሰማት ጻፈችው። ግርጌው ላይ አምስት ብላ አስቀመጠች። ትንሽ አየችው። ከዚያ አጥፍታ ዘጠኝ አለችው።

የሽፋን ሥዕሎቹን የሚሠራው ታውኖ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የተኛ ግዙፍ ሰው፣ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ።

«ጽሑፉ አምስት ይላል፤ ቁጥሩ ዘጠኝ ይላል። ማንኛቸውን ልመን?»

«ጓደኛዬ ነው። አምስት ከሰጠሁት ያኮርፈኛል።»

«ማኩረፍማ ያኮርፋል።» ታውኖ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እዚህ ቤት እንዴት እንደመጣሁ ካርቶኑ ውስጥ አላገኘሽም?»

«አላገኘሁም።»

«አጎትሽ ለባንዴ ሁለት ሰጠው። እኔ ያየሁት ታትሞ ነው፤ ሰው መሀል፣ ሱቅ ውስጥ። ልደበድበው ከካያኒ ከተማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ብርዱ አይጣል ነው። በሩን የከፈተችልኝ እናቱ ናት። ‹ጫማህን አውልቅ› አለችኝ። አወለቅኩ፣ ምን ላድርግ? ካልሲዬ በስብሷል። የሱፍ ካልሲ አመጣችልኝ፤ ሮዝ። አንቺ፣ በሮዝ ካልሲ ሰው መደብደብ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?»

ሳይሚ ሳቋ አመለጣት።

«ተቀመጥን፣ አወራን። ሁለት መስጠቱ ልክ ነበር፤ ረብሻ እንጂ ባንድ አልነበርንም። ያናደደኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ከአገር ሁሉ በኋላ መስማቴ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሕግ አለ። ከስድስት በታች የሚሰጥ ሰው፣ ከመታተሙ በፊት ሄዶ በአፉ ይናገራል።»

«ዘጠኝ ከሰጠሁትስ?»

«ዘጠኝ ከሰጠሽው መሄድ አያስፈልግሽም» አለና ታውኖ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።

ይህ አባባሉ ነው የከነከናት። ኦትሶ ዘጠኙን ሲያይ እንዴት እንደሚዘል ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን በእውነት ጥሩ ነገር ሠርቶ «ጥሩ ነው» ብትለው፣ በምን ያምናታል? ዘጠኙን አጥፍታ አምስቱን መለሰችው፣ ጽሑፉን በወረቀት አወጣችና ካፖርቷን ለበሰች።

«ጥቁር ውርጭ» የሚለማመደው የኦትሶ አያት ድንች በሚያከማቹበት ምድር ቤት ነው። ስትገባ ኦትሶ ጊታሩን ይቃኛል፤ ድራመሩ ኒሎ ጓንቱን ሳያወልቅ ድራሙን ይደበድባል።

«መጣች! ዘጠኝ መጣች!» አለ ኦትሶ።

«አምስት ነው» አለች ሳይሚ። «ከኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወረቀቱን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። የጊታሩን አነበበች። የተዋሰውን ድምፅ አነበበች። የሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ስትደርስ ኒሎ ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። የኦትሶ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ? እኔ? ይሄን ሁሉ ዓመት ጓደኛዬ ብዬ... ውጪልኝ! ከዚህ ውጪልኝ!»

ጩኸቱ ከጣሪያው ነጥሮ ተመለሰ። ሳይሚ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

«ኦትሶ» አለ ኒሎ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው?»

«ሳይሚ ያለችው ድምፅ ነዋ! አሁን የጮህክበት! በናትህ፣ እንዳትረሳው።»

ኦትሶ አልሳቀም። ጀርባውን ሰጥቷቸው የጊታሩን ገመድ ያለ ምክንያት ሲነቅልና ሲሰካ ቆየ።

«ስድስት አድርጊውና እንገላገል» አለ በመጨረሻ፣ ሳይዞር።

ሳይሚ እሺ ብትል ሁሉም ነገር እዚሁ ያልቃል።

«አይሆንም።»

«አምስት ተኩልስ?»

«ኦትሶ።»

«እሺ፣ እሺ በቃ!» አሁንም አልዞረም። «የጊታሩን እስኪ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። እንደገናም አስደገማት። ሲዞር ፊቱ ገና እንደቀላ ነው፤ አሁንም እንደተቀየመ ያስታውቃል። ሳይሚ ስልኳን አወጣችና እያያት ጽሑፉን ለአጎቷ ላከች፤ አምስቱም፣ ስሟም እንዳለ።

ኦትሶ አንድ ባዶ የድንች ሳጥን በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ሳይሚ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችበት፤ ኒሎም ዘፈኑን ለማስጀመር መቁጠር ጀመረ።