ዘጠኝ ቀን የቆየ መርዶ

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። የአራት ሰዎች ቤት ናት ቢባልም አራቱ አብረው የሚያድሩባት ቀን ከስንት አንዴ ነው። አባትየው ዋለልኝ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። እናትየው ገበያነሽ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ቤቷ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ቤቷን የምትጠብቀው የአሥራ አራት ዓመቷ መነን ናት፣ ከአክስቷ ከመዓዛ ጋር። ገበያነሽ የሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ የኖረችው ይህችን ልጅ ለማስተማር ነበር... ሌላ ምን ነበራትና?

መነን የምትማረው የሀበሻ ልጆች በሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። የስምንተኛ ክፍል መምህሯ ስርጉት፣ ልጅ በሂሳብና በሳይንስ ብቻ አያድግም ብላ የምታምን ደግ ሴት ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ደብተር ታስዘጋለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየልቡ ለአፍታ ይጸልያል፤ ከዚያ የከበደው ነገር ያለው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያ መዋሸት የለም። መነን ከዚያች ሰዓት በቀር የሆዷን የምታወጣበት ቦታ አልነበራትም።

በግንቦት ሙቀት ገበያነሽን ወባ ጣላት። «ትንሽ ራስ ምታት ነው» እያለች ሥራዋን ቀጠለች፤ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ወይኔ ገበያነሽ! ዋለልኝ ከመንገድ ተጠርቶ ደርሶ ሚስቱን ቀበረ። የመነን ፈተና ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የሰፈራችን የሀበሻ ሽማግሌዎች፣ «አሁን ከተረዳች ትወድቃለች፤ የእናትየው ድካም ሁሉ ገደል ይገባል» አሉ። እኛ ጎረቤቶቹም ልክ ነው አልን። ልጅቷ «እናትሽን አሠሪዎቿ ፈረንሳይ ይዘዋት ሄዱ» ተባለች። ስርጉትም ተለምና፣ እያለቀሰች፣ እሺ አለች።

መነን ግን፣ እናቴ ሳትሰናበተኝ አትሄድም የሚል ነገር ከንክኗት በማግስቱ ብቻዋን ሀራሙስ ሄደች። የቪላው ዘበኛ ባሺር ገና ሲያያት ሁለት እጆቿን ይዞ፣ «አላህ ያጽናሽ ልጄ። እናትሽ ጥሩ ሴት ነበረች» አላት። የተነገራት መስሎት ነው፤ ዘበኛው ምን ያድርግ?

መነን አልጮኸችም። ቤቷ ተመልሳ እራቷን በላች። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ አፉን በሽርጡ አፍኖ ሲንሰቀሰቅ ሰማችው። የሚደብቃት ለእሷ ብሎ እንደሆነ ገባት፤ እሷም ለእሱ ብላ ደብተሯን ዘረጋች።

ሐሙስ መነን እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ እዚህ መዋሸት የለም አይደል?»

«የለም፣ መነንዬ።»

«እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?»

ግማሹ ተማሪ ከየቤቱ ሰምቶ ያውቃል።

«ፈተናሽን... ፈተናሽን ስትጨርሺ» አለቻት ስርጉት።

መነን አንገቷን ነቅንቃ ተቀመጠች። ያቺ ልጅ የለመነችው ምን ነበር? አንድ ሰው እውነቱን ነግሯት አብሯት እንዲያለቅስ አልነበረም? ስርጉት እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ያ ጥያቄ ከጀርባዋ ይሰማታል። ዘወር ስትል የጠየቃት የለም።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ሲነጋ፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን አንኳኩ። ስርጉት ከኋላቸው ቆማለች። የከፈተችላቸው መነን ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። በየተራ አየቻቸው።

«ፈተናው አልቋል» አለች። «አሁን ማልቀስ ይቻላል?»

አቤት የዚያን ቀን ለቅሶ! ስርጉት እግሯ ላይ ወደቀች። መዓዛ ደረቷን ደቃች። የመነን እንባ ግን አልመጣም። ዋለልኝ ጉልበቷን አቅፎ፣ «አልቅሺልኝ የኔ ልጅ፣ እባክሽ አልቅሺልኝ!» እያለ ለመናት።

«እየሞከርኩ ነው እኮ አባዬ» አለችው። «ዘጠኝ ቀን ስውጠው ቆይቼ... አሁን እምቢ አለኝ።»

በፈተናው ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አላለቀሰችም። ገበያነሽን የወሰደብን ዕድል ነው እንበል፤ ከዕድል ጋር ማን ይሟገታል? እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ግን ለልጅቷ የሰጠናት እኛው ነን፤ ለእሷ ብለን።