ከማማው ላይ «አለሁ» ያለችው

እሺ ስሙኝ... ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። እኔው ራሴ እዚያው ነበርኩ። ካላመናችሁኝም ችግር የለም፣ እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ነው፣ ህዳር ላይ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ስልኬ እጄ ላይ ስለነበር ሰዓቱን በደንብ አስታውሳለሁ።

ቦታው የአጎቴ የኸይረዲን የማሽላ ማሳ ነው። ከቆቦ ወደ ዋጃ ስትሄዱ ከአስፓልቱ ትንሽ ገባ ይላል።

እኔና የአጎቴ ልጅ ሀስና ቆቦ አብረን ነው የምንማረው፣ አስራ አንደኛ ክፍል። ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ጋ እንሄዳለን። የዚያን ቀን ደግሞ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፣ ግን እንዴት አይነት ሙሉ... ማሽላው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። እንዲህ አይነት ማታ ፎቶ ሳይነሱ ይታደራል እንዴ?

«ማማው ላይ ልውጣና አንሺኝ» አለች ሀስና። «ጨረቃዋ ከኋላዬ ትሁን። ፊቴ ባይታይም ችግር የለውም።»

«ፊትሽ ባይታይማ ይሻላል» አልኳት።

ማማው አጎቴ ማታ ማታ ማሽላ የሚጠብቅበት ነው። አራት ረጃጅም እንጨት፣ ላዩ ላይ መቀመጫ። አጎቴ ለእራት ቤት ገብቷል። ካየን አለቀልን።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። እዚያ ሰፈር ጠባቂዎቹ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ከማማ ማማ ይጠራራሉ። አንዱ «አለህ ወይ?» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል። ያልመለሰ ካለ፣ ጅብ ወይ ሌባ መጥቶበታል ብለው ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ሀስና ወጣች። እኔ ታች ሆኜ ስልኬን ናይት ሞድ ላይ አደረግኩት።

«አስር ሰከንድ እንዳትነቃነቂ።»

«ቶሎ በያ፣ ትንኝ ጨረሰኝ።»

ያኔ ነው ከማዶ የተጣራው።

«አለህ ወይ...»

ክው አልን።

«አያ ሞላ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ጎረቤታቸው ነው። «ካልመለስን ይመጣል። አባ ይሰማል።»

«ዝም በይ በቃ።»

«ዝም ካልኩማ ነው የሚመጣው።»

ድምጿን አወፈረችና «አለሁ» አለች። ቁርጥ አጎቴን። ሳቅ እንዳያመልጠኝ አፌን ያዝኩ።

ፎቶው ወጣ። በጣም ነው የሚያምረው... ሀስና ጥቁር ሆና፣ ከኋላዋ ጨረቃ፣ ከታች የአያ ሞላ ማሳ። ለማየት ያህል ፎቶው ላይ ማሳውን ሰፋ አደረግኩት።

ታጭዷል።

ጉቶ ብቻ ነው የቀረው። ማማውም ፈርሶ እንጨቱ መሬት ላይ ተከምሯል።

አንድም ሰው የለም።

ታዲያ ማን ነው የተጣራው?

«አለህ ወይ...»

አሁን ቀርቧል። ከራሳችን ማሽላ ውስጥ ነው። ቅድም ሲጮህ የነበረው ፌንጣ ሁሉ ዝም ብሏል።

«ውረጂ» አልኳት።

«አያ ሞላ...»

«አያ ሞላ አይደለም። ውረጂ አልኩሽ።»

አልተነቃነቀችም። ወደ ማሽላው ነው የምታየው።

«ስምሽ ማነው?» አላት ከማሽላው ውስጥ።

በወንድ ድምፅ ነበርኮ የመለሰችለት፣ ሴት መሆኗን በምን አወቀ? አነጋገሩ ለስለስ ያለ ነው... ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄዱ ትልልቅ ሰዎች እንደሚጠይቋችሁ።

አፏን ስትከፍት አየኋት።

ስሟን ጠርቼ ልጮህ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የሚፈልገው ስሟን ነዋ... እኔ ልንገረው?

«አንቺ... እንዳትመልሺ።»

ከፍታ እፈራለሁ፣ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አፏን በእጄ ከደንኩት። ከንፈሯ መዳፌ ስር ይንቀሳቀሳል። ሊናገር ነው። ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እያልኩ አወረድኳት። ቤት እስክንገባ እጄን አላነሳሁም።

ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ስል አልተቆጣም። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

«መለሰችለት?»

«አንዴ ብቻ።»

«ስሟንስ?»

«አልተናገረችም። እኔም አልጠራኋትም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ግንባሩን ጠረገ። «በሩን ዝጊው። ስሟን ካላወቀ ያልፋል። እስኪነጋ ማናችሁም እንዳትጠሯት።»

ሀስና መሀላችን ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት። ከማማው ስናወርዳት በረዶ ነበር፣ አሁን ቀስ በቀስ እየሞቀ ነው። ተረፍን አልኩ በሆዴ። ወላሂ ልስቅ ሁሉ ምንም አልቀረኝም።

እናቷ እትዬ ሀሊሜ ግን ጓሮ፣ ማድ ቤት ነበረች። ምንም አልሰማችም። ማናችንም አልነገርናትም።

ወጥታ ወደ ማሳው ተጣራች።

«ሀስና... ሀስናዬ... እራት ደርሷል፣ ነይ ታጠቢ።»

አጎቴ ብድግ አለ።

ከማሽላው ውስጥ «መጣሁ እማ» አለ። በሀስና ድምፅ።

ሀስና አጠገቤ ናት። እጇ እጄ ውስጥ ነው። ትንፋሿን እሰማዋለሁ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጨረቃዋ ግቢውን ቀን አስመስላዋለች። እትዬ ሀሊሜ ጆግ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ውሃ ታፈሳለች።

«የት ቆየሽ አንቺ ልጅ» ትላለች እየሳቀች።

ከፊቷ ማንም የለም።

ውሃው ግን መሬት አይደርስም።