ከጓዳው በር አንድ ስንዝር

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት! አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ እጄ ዳግመኛ መጋዝ አይጨብጥ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ምናምን እያሉ የሚያስፈራሯችሁን ተዉአቸው። እነሱ ፈሪዎች ናቸው። የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ቦታው የገዛ ቤቴ። የባለቤቴ የእጅ ሥራ ክፍል።

አናጢ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው። በዚህች ከተማ እኔ ያልሠራሁት ቁም ሳጥን ካለ ጠማማ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ጓደኞቼ "ሜትሩ" ይሉኛል። ሜትር ይዤ ስለምዞር አይደለም፤ ይዤ ስለማላውቅ ነው። ዓይኔ ይበቃል። አንዴ ከመንገድ ማዶ ቆሜ የአንድ ሰውዬን በር አየሁና "ሁለት ጣት ያንሳል" አልኩት። ለካው። ሁለት ጣት!

ባለቤቴ ደግሞ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ ኪሮሽ ትሠራለች፣ ልብስ ትሰፋለች። የምትሠራው መኝታ ቤታችን ውስጥ ስለነበር መርፌ ያልወጋው የሰውነቴ ክፍል የለም። ሌላው ባል ከአልጋው ሲነሳ ያዛጋል፤ እኔ እጮሃለሁ።

ከኋላ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። የአክስቷ ክፍል።

እትዬ እንላቸዋለን። ባለቤቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ መርፌ መያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ክፍላቸው የሃምሳ ዓመት ብጣሽ ጨርቅ ተከምሮበታል። ከክፍሉ ጥግ ደግሞ መስኮት የሌላት ጠባብ ጓዳ አለች፤ በሯ ወደ ክፍሉ ነው የሚከፈተው።

እትዬ ሲሰፉ ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት የብረት ቆብ ነበረቻቸው። አያወልቋትም። ውሃ ሲጠማቸው በእሷ ግድግዳውን ይመታሉ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ባለቤቴ ሮጣ ውሃ ትወስዳለች። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዘመድ ሲሞትባቸው ከልብሱ ላይ አንዲት አዝራር ቆርጠው ያስቀራሉ። አዝራሯን ብልቃጥ ውስጥ ይከቱና ስሙን ጽፈው ይለጥፉበታል። ሃያ ሦስት ብልቃጥ! አንድ ቀን ላጫውታቸው ብዬ፣

"እትዬ፣ ለኔስ ብልቃጥ አዘጋጅተውልኛል?" አልኳቸው።

ቀና ብለው ሸሚዜን አዩ። ፊቴን አይደለም፤ ሸሚዜን።

"ያንተ አዝራር ትልቅ ነው፤ ሰፋ ያለ ብልቃጥ እየፈለግኩልህ ነው" አሉኝ።

እንግዲህ... እትዬ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ሙት ወቃሽም አያድርገኝ። ክፍላቸው ባዶ ሆነ።

ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ሞቱ። ሐሙስ የምለው ቀን ከተቀበሩ አንድ ወር አልፏቸዋል።

ባለቤቴ የክፍሉን ንድፍ በወረቀት ሠራች። የስፌት መኪናው መስኮቱ ስር። መቁረጫ ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ ቁመቱ እስከ ክርኗ። ግድግዳውን ይዞ አርባ መሳቢያ ያለው መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ የያዘው ነገር ስም ተጽፎ። ከመደርደሪያው ጎን አንዲት ነገር ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራባታለች፦

"ከጓዳው በር አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቁም።"

መስኮቱ ስር ደግሞ የሁለት ወንበር ሥዕል አለ።

"አንቺ አንድ ነሽ፤ ሁለት ወንበር ለምን?" አልኳት።

"ይቀመጡበታላ" አለች። የሴት ነገር ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት እህቷን ልትጠይቅ ተነሳች። እሑድ ነው የምትመለሰው።

"እባክህ ሜትር ያዝ" አለችኝ።

"ዓይኔስ?"

"ዓይንህን አውቀዋለሁ። ሜትር ያዝ።"

ደሜ ፈላ። መደርደሪያውን ሥራ ቤቴ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አራት ጓደኞቼ ተሸክመውት በር ላይ ቆመው ይሰሙናል። በእነሱ ፊት!

"ስሚ!" አልኳት። "እሑድ አልቆ ታገኚዋለሽ። አንዴ ካጠበቅኩት በኋላ አንዲት ብሎን መልሼ ከፈታሁ፣ ወንድ ብለሽ አትጥሪኝ!"

ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እሷ አላጨበጨበችም። ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣

"አደራ" አለችኝ።

ስለ ክፍሉ መሆኑ ነው።

ጓደኞቼ መደርደሪያውን አስገብተውልኝ ሄዱ። ሥራ ጀመርኩ። ብጣሹን በጆንያ። ክሩን በመሳቢያ። ብልቃጦቹ ሲደረደሩ ቦታ ስለሚፈጁ ሃያ ሦስቱንም ባልዲ ውስጥ ገለበጥኳቸው። አባት፣ እናት፣ አጎት... ሁሉም አዝራር ተደባለቀ። ባልዲውን ጓዳው ውስጥ ወርወር አደረግኩትና ብሎን ላመጣ ወጣ አልኩ።

ከዚያ መደርደሪያውን አቆምኩ።

ሁለት ስንዝር ረዘመ።

መደርደሪያው አይደለም የረዘመው፤ ግድግዳው ነው ያጠረው። ልቁረጠው? ያን የመሰለ ሥራ? ጓዳው ውስጥ ያለው ኮተትና አንድ ባልዲ አዝራር ነው። ገፋ አደረግኩትና የጓዳውን በር ጋረደው። በአሥራ ስድስት ረጃጅም ብሎን ከግድግዳው ጋር ሰፋሁት። ትራፓኖው ያጓራል፤ ሬዲዮኑ ይዘፍናል። ዝሆን ቢጮህ አይሰማም።

ትራፓኖውን አጠፋሁ። ሬዲዮኑን ቀነስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

መጀመሪያ ያየሁት ብርጭቆውን ነው። መስኮቱ ላይ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ... ግማሽ ድረስ ተጠጥቷል። እኔ ሻይ አልጠጣሁም። ነካሁት።

ሙቅ ነበር።

ቀጥሎ ጫማ። የእትዬ ነጠላ ጫማ፣ በመደርደሪያው ግርጌ፣ አፍንጫው ወደ ጓዳው ዞሮ። ጎን ለጎን። አሁን የወለቀ ይመስላል...

ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እኔ ግን የሥርዓት ሰው ነኝ። ጫማውን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በላዩ ላይ "ጫማ" ብዬ ጻፍኩ።

ያኔ ነው የሰማሁት።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከመደርደሪያው ኋላ።

ፀጉሬ ቆመ። አንገቴ ላይ ያለው ሳይቀር!

ወለሉ ላይ የቀይ ክር ጥቅል ነበር። ጥቅሉ... ብቻውን ይዞራል። ቀስ እያለ። የክሩ ጫፍ በመደርደሪያው ስር ወደ ጓዳው ገብቷል። ከውስጥ የሆነ ነገር ይስበዋል። ቆም ይላል። ደግሞ ይስበዋል። ሰው መርፌ ሲሰድና ሲጎትት እንዴት ነው? እንደዚያ።

ተንበረከክኩ። ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ።

"ሜትሩ..."

ሹክሹክታ ነው።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ... ምን ገተርክብኝ? በሩ እምቢ አለኝ..."

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል!"

የክሩ ጥቅል መዞሩን አቆመ።

"ኧረ ልጄ... ቀልድህን ተው... ጨለመብኝ..."

"ተመልሰው ይተኙ።"

"እሺ... እንግዲያው ውሃ... በስንጥቁ በኩል እንኳ..."

እዚህ ላይ ስንቱ ጀግና ይወድቅ ነበር! እኔ ግን መንፈስ ሲያባብል አውቃለሁ። ዛሬ ውሃ ይላል፣ ነገ ነፍስ ይላል።

"ለሙት የሚሰጠው አፈር ነው፤ እሱን ደግሞ ሰጥተንዎታል" አልኩ።

መቀሱን አነሳሁ። ክሩን ቀጭ!

ከውስጥ አንዲት ትንፋሽ ተሰማች። ብዙም አይደል... መርፌ ጣቱን እንደወጋው ሰው።

ሦስት ቀን ከዚያች ክፍል ንቅንቅ አላልኩም። ግብግብ ነበር! ሐሙስ መንፈሱ ሦስት ሦስቴ ይመታ ነበር። ዓርብ ሁለት ሁለቴ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ... ብዙ ቆይቶ ደግሞ አንድ... ድምፁም የብረት አልነበረም፤ የጥፍር ነው። እሑድ ጠዋት ጭጭ። መንፈስን አድክሞ ያሸነፈ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ አለሁ።

እሑድ ባለቤቴ ከመግባቷ፣ በባዶ እጄ፣ ያለ ካቻቪቴ፣ አሥራ ስድስቱን ብሎን በጥፍሬ ነቅዬ መደርደሪያውን ገነጠልኩት! የጓዳውን በር በርግጄ "ውጣ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ማንም የለም።

አንድ ሰፊ ጨርቅ ብቻ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ አሥር ሺህ አዝራር በቀይ ክር ተሰፍቷል። በጨለማ! ባልዲ ውስጥ የደባለቅኳቸው አዝራሮች አንድ በአንድ ተለይተው፣ ረድፍ ይዘው። በመጨረሻው ረድፍ ላይ የአንድ አዝራር ቦታ ባዶ ነው። ከእሱ የተቆረጠ ክር ተንጠልጥሏል።

ያ ሁሉ ከሆነ ይኸው ዓመት ሞላው። ዛሬ ክፍሉ ቢታይ ቢታይ አይጠገብም። መደርደሪያው ሁለት ስንዝር ተቆርጦ ከጓዳው በር ልክ አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል። መሳቢያው ሁሉ ስሙን ይዟል። ባለቤቴ አዝራሮቹን ከጨርቁ ላይ ፈትታ ወደየብልቃጣቸው መልሳቸዋለች፤ ሃያ ሦስት የነበሩት ሃያ አራት ሆነዋል። ይህን በስልኬ የምጽፍላችሁም እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው። እሷ መስኮቱ ስር ትሰፋለች። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው።

ለማያምን ደግሞ ምስክር አለኝ! አሁኑኑ እጠራታለሁ፤ የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

"አንቺ፣ ነይማ። እስቲ አንብቢና እውነት መሆኑን ንገሪልኝ።"

መጣች። ስልኩን ተቀበለችኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበች። አልቸኮለችም።

"አሥር ሺህ አይደለም" አለች። "ሃያ ሦስት ነው።"

"እሺ፣ ሃያ ሦስት። ሌላውስ?"

ስልኩን መለሰችልኝ።

"ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ 'ቀስ በይ፣ ሳንቃው ይጫራል' ትለኝ ነበር።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ሐሙስ ዕለት እትዬ አልሞቱም ነበር" አለች፣ ዝግ ብላ። "ጠዋት ሻይ ያፈላሁላቸው እኔ ነኝ። ብርጭቆውን ሙቅ ሆኖ ያገኘኸው ጠዋት እኔ ስወጣ ነው እንጂ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይደለም። ጓዳ የገቡት ሙታኖቻቸውን ከባልዲ ውስጥ ሊለዩ ነው። ያገኘኋቸውም እኔ ነኝ፤ እዚያው ተቀምጠው፣ መርፌው እጃቸው ላይ እንዳለ። የቀበርናቸው ሰኞ ነው። ለሰው ሁሉ 'በእንቅልፋቸው ሄዱ' ያልኩልህም እኔ ነኝ።"

"ይሄ እኮ ለወሬ ማድመቂያ..."

"ሁለተኛውን ወንበር የሣልኩት ለእሳቸው ነው" አለች። "አደራ ያልኩህም ስለ ክፍሉ አልነበረም።"

ተመልሳ መስኮቱ ስር ተቀመጠች። ከጎኗ አንዲት አዲስ ብልቃጥ አለች። ሰፋ ያለች። ወረቀት ተለጥፎባታል። "ሜትሩ" ይላል።

ባዶ ናት።

ጠዋት የለበስኩት ነጭ ሸሚዝ ነው። ዝቅ ብዬ አየሁት። ከላይ ሁለተኛዋ አዝራር... በቀይ ክር ተሰፍታለች።

ክሩ አላለቀም። ከደረቴ ወርዶ፣ በጠረጴዛው እግር ዞሮ፣ ወለሉን አቋርጦ ከጓዳው በር ስር ገብቷል።

የባለቤቴ ሁለት እጆች ጭኗ ላይ ናቸው። ወደ ውጭ እያየች ነው።

ክሩ ግን... ቆም ይላል...

ደግሞ ይሳባል።